ጀማሪ ሕፃናት እግር ኳስን በትንሽ ሜዳና በጥቂት ተጫዋች እንዲጀምሩ ለምን ይመከራል?

ሃያ ሁለት ሕፃናት አንድ ኳስ ይዘው በትልቅ ሜዳ ላይ ለ60 ደቂቃ ይጫወታሉ እንበል። ኳሱ ለሁሉም እኩል ቢዳረስ እንኳ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው ጊዜ ከ3 ደቂቃ ያነሰ ነው። በእውነተኛ ጨዋታ ደግሞ እኩል መዳረስ የሚባል ነገር የለም። ፈጣኑና ጉልበተኛው ልጅ ኳሱን ደጋግሞ ያገኛል፤ ዘግይቶ የጀመረው፣ ሰውነቱ ያልጠነከረው ወይም ዓይን አፋሩ ግን አንድም ጊዜ ሳይነካት ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ያንኑ ኳስ ለስድስት ልጆች ብቻ ሰጥቶ ሦስት ለሦስት ማጫወት ስሌቱን ይለውጠዋል። በተመሳሳይ 60 ደቂቃ ለእያንዳንዱ ልጅ በአማካይ 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። የሚደበቅበት ቦታ ስለሌለም ኳሷ ፈልጋ ታገኘዋለች።

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በርካታ አገሮች የሕፃናት እግር ኳስ ደንባቸውን እንዲለውጡ ያደረጋቸው ይህን የመሰለ ቀላል ስሌት ነው። ለመሆኑ የትንሽ ሜዳ ጨዋታ ምንድን ነው? አሠልጣኙስ በዚህ መንገድ ጀማሪዎችን እንዴት ያሠለጥናል?

ሜዳውን በልጁ ልክ

የትንሽ ሜዳ ጨዋታ ሲባል የተጫዋቹን ቁጥር፣ የሜዳውን ስፋት፣ የግቡን መጠንና የኳሱን ክብደት ለልጁ ዕድሜ በሚመጥን መልኩ መቀነስ ማለት ነው። ጨዋታው እግር ኳስነቱን አያጣም። ባላጋራ አለ፣ የቡድን ጓደኛ አለ፣ የሚጠበቅና የሚጠቃ ግብ አለ። የሚቀነሰው ልጁ ገና ሊሸከመው የማይችለው ነገር ነው።

የአዋቂዎች ግብ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት አለው። የስድስት ዓመት ልጅ አማካይ ቁመት ደግሞ ወደ 1.15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ግብ መካከል የሚቆም ልጅ ከአናቱ በላይ የሚያልፍን ኳስ ሊያድን አይችልም። ከሩቅ የሚመታ ልጅም ጎል የሚያስቆጥረው ጥሩ ስለተጫወተ ሳይሆን በረኛው አጭር ስለሆነ ነው። ሁለቱም ልጆች ከዚህ የሚማሩት ነገር ጥቂት ነው።

በዚህ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ጊዜ ግብ ጠባቂ አይኖርም። ግቡም በሁለት ኮን፣ በሁለት ጫማ ወይም አሸዋ በተሞሉ ሁለት የውኃ ጠርሙሶች መካከል ያለ ጠባብ ክፍተት ሊሆን ይችላል።

አገራት ምን ለወጡ?

ቤልጂየም ከኔዘርላንድስ ጋር ባዘጋጀችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) የ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ከምድቧ ማለፍ አልቻለችም። በወቅቱ የአገሪቱ ፌዴሬሽን የቴክኒክ ዳይሬክተር በነበሩት ሚሼል ሳብሎን መሪነት የታዳጊዎች ጨዋታ በዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭምር ተፈተሸ። ድምዳሜው ለማሸነፍ የሚሰጠው ትኩረት መብዛቱን፣ ለልጆቹ ዕድገት የሚሰጠው ደግሞ ማነሱን የሚያሳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕፃናት በሁለት ለሁለት ጀምረው በአምስት ለአምስትና በስምንት ለስምንት በኩል ወደ ትልቁ ጨዋታ እንዲያድጉ ተደረገ፤ ለትንንሾቹም የደረጃ ሠንጠረዥ ቀረ። ቤልጂየም በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ሆና ማጠናቀቋን ለዚህ ለውጥ ብቻ መስጠት ባይቻልም፣ የሌሎች አገሮች አሠልጣኞች ዓይናቸውን ወደዚያ ማዞራቸው አልቀረም።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር አባላት በ2012 ባጸደቁት ማሻሻያ ከ7 እና ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አምስት ለአምስት፣ ከ9 እና ከ10 በታች ያሉት ሰባት ለሰባት፣ ከ11 እና ከ12 በታች ያሉት ደግሞ ዘጠኝ ለዘጠኝ እንዲጫወቱ ተወሰነ።

በአሜሪካ ከ2017 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው ደንብ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ያለ ግብ ጠባቂ አራት ለአራት ይጫወታሉ። ሜዳቸው በግምት ከ23 እስከ 32 ሜትር ርዝመት አለው። እስከ 10 ዓመት ሰባት ለሰባት፣ እስከ 12 ዓመት ዘጠኝ ለዘጠኝ ከተጫወቱ በኋላ ወደ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይሻገራሉ። ኳሱም አብሮ ያድጋል፤ ትንንሾቹ በ3 ቁጥር፣ ቀጣዮቹ በ4 ቁጥር፣ ትልልቆቹ በ5 ቁጥር ኳስ ይጫወታሉ። ከዚህም ሌላ በአገሪቱ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ኳስን በቴስታ እንዳይመቱ ለአንጎላቸው ጤና ሲባል ተከልክሏል።

ጀርመን ከሁሉም ርቃ ሄዳለች። ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ በአስገዳጅነት በተግባር ላይ በዋለው ደንብ ከ7 ዓመት በታች ያሉት ሁለት ለሁለት ወይም ሦስት ለሦስት፣ በአራት ትንንሽ ግቦች ይጫወታሉ። በአንድ ቀን በርካታ ትንንሽ ሜዳዎች ጎን ለጎን ይዘጋጃሉ። አጭሩ ጨዋታ ሲያልቅ ያሸነፈው ቡድን ወደ ቀጣዩ ሜዳ ከፍ ይላል፣ የተሸነፈው ዝቅ ይላል። በዚህ መንገድ ልጆች ከጥቂት ዙር በኋላ ከአቻዎቻቸው ጋር ይገናኛሉ።

የአራት ግቦቹ ሐሳብ ከጀርመናዊው አሠልጣኝ ሆርስት ዋይን ጋር ይያያዛል። ከሜዳ ሆኪ ወደ እግር ኳስ የመጡት ዋይን፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት ግቦች ያሉትን የሦስት ለሦስት ጨዋታ «ፉኒኞ» ብለው ሰይመውታል። ስያሜው ደስታ የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃልና ልጅ ከሚለው የስፓኒሽ ቃል የተዋቀረ ነው። አንደኛው ግብ በተከላካይ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ ማየትና አቅጣጫ መቀየርን ማንም ሳያዘው ይለምዳል።

ልጆች ለምን ኳሷ ላይ ይሰፍራሉ?

የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን ጨዋታ የተመለከተ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ሁሉም እንደ ንብ መንጋ ኳሷን ከብበው መሮጣቸውን ነው። ብዙ ጀማሪ አሠልጣኞች ይህን እንደ ጥፋት በመቁጠር «ተበተኑ! ቦታችሁን ያዙ!» እያሉ ይጮኻሉ።

ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዓለምን የሚያየው ከራሱ አንጻር ነው። ኳሷን ይፈልጋታል፤ ትናንት የፈለጋትን አሻንጉሊት ለሌላ መስጠት የከበደው ልጅ፣ ዛሬ ኳሷን ላያት ጓደኛ በደስታ እንዲለቅ መጠበቅ ከዕድሜው በላይ ነው። ገና ያላየውን ክፍት ቦታ አስቦ ወደዚያ መሮጥም እንዲሁ ከጊዜ ጋር የሚመጣ ችሎታ ነው።

የትንሽ ሜዳ ጨዋታ ይህን ተፈጥሮ አይታገለውም። መንጋው ከሃያ ልጆች ወደ አምስት ወይም ስድስት ሲወርድ ኳሷ ከመካከል ቶሎ ቶሎ ትወጣለች፤ ከመንጋው ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመ ልጅ ደግሞ ባዶ ግብ ፊት ራሱን ያገኛል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ያየ ልጅ መበተን ምን እንደሚጠቅም በራሱ ይረዳል። በማንቸስተር ዩናይትድ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ከ9 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናትም፣ አራት ለአራት ሲጫወቱ ስምንት ለስምንት ከሚጫወቱበት ጊዜ ይልቅ ቅብብሉ ከእጥፍ በላይ እንደሚጨምር፣ ወደ ግብ የሚደረግ ሙከራና አብዶም በብዙ እንደሚበዛ አሳይቷል።

የአንድ ሰዓት ልምምድ

አሥራ ሁለት ጀማሪ ልጆች ያሉት አሠልጣኝ አንድ ሰዓት አለው እንበል። የተለመደው አሠራር ልጆቹን ሜዳውን አዙሮ ማስሮጥ፣ ከዚያም ሰልፍ አስይዞ ተራ በተራ ወደ ግብ ማስመታት ነው። በአሥራ ሁለት ልጆች ሰልፍ ግን አንዱ ሲመታ አሥራ አንዱ ይጠብቃሉ። መጠበቅ ደግሞ ሕፃናትን ወደ መጎነታተልና ወደ አፈር መጫር ይወስዳል፤ ከዚያም አሠልጣኙ «ሥርዓት የላቸውም» ብሎ ያማርራል።

በትንሽ ሜዳ አሠለጣጠን ጨዋታው የሚጀምረው መጀመሪያ የደረሱት አራት ልጆች ሜዳ ሲረግጡ ነው። ሁለት ለሁለት ይጀምራሉ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ሲመጡ ይቀላቀላሉ፣ ሌሎች ሲደርሱ ሁለተኛ ሜዳ ይከፈታል። የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች በዚህ ያልፋሉ፤ ሰውነትም በዚያው ይሟሟቃል።

ቀጣዮቹ 20 ደቂቃዎች ለአንድ ክህሎት ይውላሉ፤ እርሱም በጨዋታ መልክ ይቀርባል። ለምሳሌ ኳስን ከባላጋራ መሸሸግና መግፋት ለማስተማር ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኳስ ተሰጥቶ ሁሉም በተከለለ ቦታ ውስጥ ይገፋሉ። ሁለት ልጆች ያለ ኳስ «ጅብ» ሆነው ገብተው የሌሎቹን ኳስ ከክልሉ ለማስወጣት ይሞክራሉ። ኳሱ የወጣበት ልጅ ኳሱን አምጥቶ አምስት ጊዜ በጫማው መርገጫ ነካ ነካ ካደረጋት በኋላ ይመለሳል እንጂ ከጨዋታ አይወገድም። የተሸነፈ የሚወጣበት ጨዋታ መጀመሪያ የሚያስወጣው ከሁሉም በላይ ልምምድ የሚያስፈልገውን ልጅ ነውና።

ቀሪው ጊዜ እንደገና ለነጻ ጨዋታ ይተዋል። በሁለት ሜዳዎች ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ፤ በየአምስት ደቂቃው ቡድኖቹ ባላጋራ ይቀያይራሉ። በመካከሉ ውኃ ይጠጣል። እንደ ጅቡቲና ካርቱም ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ልምምዱ ወደ ማለዳ ወይም ወደ ምሽት ቢዞር፣ የእረፍት ጊዜውም ቢደጋገም ይመረጣል።

ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ቅብብልን ለማስለመድ በተለምዶ «መሐል ባልገባ» የሚባለው ጨዋታ ይጠቅማል። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ይከብዳል፤ መሐል የገባው ሳይወጣ ስለሚቆይ ተስፋ ይቆርጣል። በዚያ ዕድሜ ቀዳሚው ነገር ልጁ ኳሷን ሳይፈራ መግፋትን መልመዱ ነው።

ትእዛዝ ቀንሶ ጨዋታውን ማስተካከል

በዚህ አሠለጣጠን የአሠልጣኙ ሥራ ከመጮኽ ይልቅ ማየትና ማስተካከል ነው። በእጁ አራት መሣሪያዎች አሉ፤ የቦታው ስፋት፣ የጨዋታው ሕግ፣ ኳሱና ግቡ፣ እንዲሁም የተጫዋቹ ቁጥር።

ልጆቹ ኳስ መቆጣጠር ካቃታቸው ሜዳውን ሰፋ ያደርገዋል፤ ባላጋራው ከእነርሱ ትንሽ ይርቃል። ጎል የሚቆጠረው ከሩቅ በመምታት ብቻ ከሆነ ደግሞ ኳሷ በመስመር ላይ ተገፍታ ስትገባ ብቻ እንድትቆጠር ሕጉን ይለውጣል። አንደኛው ቡድን በሦስት ጎል ከመራ ለሌላው አንድ ተጫዋች ይጨምራል። ሁሉን የሚያሸንፍ ጠንካራ ልጅ ሲኖርም ከማስቀመጥ ይልቅ በቁጥር ባነሰው ቡድን ውስጥ ያስገባዋል፤ ፈተናው ለእርሱ ይከብዳል፣ ሌሎቹም ኳስ ያገኛሉ።

ንግግር ሲያስፈልግ ጥያቄ ከትእዛዝ ይሻላል። «ወደ ቀኝ ሂድ» የተባለ ልጅ ለዚያች ቅጽበት ይታዘዛል። «ኳሷን ስትቀበል የትኛው ግብ ባዶ ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይመለከታል። ጥያቄውም አጭር ይሁን፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚረዝም ገለጻ የስድስት ዓመት ልጅ ጆሮ አያቆየውም።

ውጤት ይቆጠር ወይስ ይቅር?

ብዙ ክርክር ያስነሳው ነጥብ ይህ ነው። በ2023 የጀርመን ፌዴሬሽን ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሃንስ ዮአኪም ቫትዝከ የራሳቸውን ተቋም ማሻሻያ በአደባባይ ተችተዋል። ልጅ መሸነፍ ምን ስሜት እንዳለው ካላወቀ ለማሸነፍ ብርታት አያገኝም የሚል ነበር ሙግታቸው። የለውጡ ደጋፊዎች በበኩላቸው ጎልም አሸናፊም እንዳልቀረ፣ የቀረው ወቅቱን ሙሉ የሚከተል የደረጃ ሠንጠረዥ ብቻ እንደሆነ መልሰዋል። በእርግጥም ሦስት ለሦስት የሚጫወቱ ሕፃናትን የተመለከተ ሰው፣ አዋቂዎቹ ባይቆጥሩም ልጆቹ ውጤቱን በቃላቸው እንደሚያውቁት ያስተውላል።

የሠንጠረዡ ጉዳት የሚታየው በአዋቂዎቹ ላይ ነው። ነጥብ የሚቆጥር አሠልጣኝ ትልልቆቹንና ጉልበተኞቹን ያሰልፋል፤ በዚያው ዓመት ዘግይቶ የተወለደው ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሳይጫወት አያድግም፣ ስላላደገም አይሰለፍም፣ በመጨረሻም ይተዋል።

በአፍሪካ ይህ ችግር ሌላ መልክም አለው። ፊፋ በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ የኤምአርአይ ምርመራ እንዲጀምር ያደረገው የዕድሜ ማጭበርበር ነው። በታዳጊዎች ውድድር ዋንጫ ማንሳት ከታዳጊዎች ዕድገት ሲበልጥ፣ ዕድሜው የተቀነሰ ተጫዋች የትክክለኛውን ልጅ ቦታ ይወስዳል። በሕፃንነት ደረጃ ለዋንጫ የሚሰጠው ክብደት ሲቀንስ ለማጭበርበር የሚገፋፋው ምክንያትም አብሮ ይቀንሳል።

ሰፈሩ ያውቀው የነበረ ጨዋታ

ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ከዚህ ሁሉ ብዙው አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በአስመራ፣ በናይሮቢ ወይም በካምፓላ መንደሮች ልጆች የጨርቅ ወይም የካልሲ ኳስ ሠርተው፣ ድንጋይ ለግብ አቁመው፣ በተገኙት ልጆች ቁጥር ሲጫወቱ ኖረዋል። ሁለቱ ቡድኖች ካልተመጣጠኑ ራሳቸው ይቀያይራሉ፤ ዳኛም አሠልጣኝም የለም። የሠለጠኑት ፌዴሬሽኖች ዛሬ በደንብ የጻፉት ነገር በከፊል ያንን የሰፈር ጨዋታ መመለስ ነው።

ልዩነቱ ያ ሜዳ እየጠፋ መሆኑ ነው። በከተሞች ክፍት ቦታዎች በግንባታ ተይዘዋል፤ መኪና በሚበዛበት ጎዳና ልጅን መልቀቅም ያስፈራል። ከዚህም ሌላ የሰፈሩ ጨዋታ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ሴት ልጆች፣ ትንንሾቹና አካል ጉዳተኞቹ ብዙ ጊዜ ተመልካች ሆነው ይቀሩ ነበር። የተደራጀ የትንሽ ሜዳ ልምምድ ሊያስተካክለው የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ቦታ ለጠበበባቸው ከተሞች ስሌቱ ያጓጓል። 105 በ68 ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ሜዳ፣ በመካከላቸው በቂ መተላለፊያ ያላቸው 30 በ20 ሜትር የሆኑ ስምንት ትንንሽ ሜዳዎችን ይይዛል። በእያንዳንዱ አራት ለአራት ቢጫወቱ 64 ልጆች በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ በትልቁ ጨዋታ የሚጫወቱት 22 ብቻ ናቸው። ትምህርት ቤት ግቢ ያለው ሲሚንቶ ሜዳም ለሦስት ለሦስት ይበቃል።

በናይሮቢ የማታሬ ሰፈር በ1987 የተመሠረተው የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር፣ እግር ኳስን ከማኅበረሰብ ጋር ማስተሳሰር ብዙ ገንዘብ እንደማይጠይቅ ካሳዩት አንዱ ነው። ማኅበሩ አካባቢያቸውን ያጸዱ ቡድኖች የሊግ ነጥብ እንዲያገኙ በማድረግ ይታወቃል።

በባሕር ማዶ ያሉ ወላጆችም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። በአሜሪካ ወይም በጀርመን የሚኖር ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ በረኛ የሌለበት፣ ሠንጠረዥ የማይለጠፍበት ጨዋታ ሲያይ ልጁ «እውነተኛውን ኳስ» እየተማረ አይደለም ብሎ ሊሰጋ ይችላል። ሆኖም ልጁ ያለበት ደረጃ የትልቁ ጨዋታ መሠረት ነው። ወላጁ ከመስመር ውጪ ሆኖ «ምታት! አቀብላት!» ማለቱ ግን ልጁ ራሱ እንዳይወስን ያደርገዋል። ከጨዋታ በኋላ «ስንት ለስንት?» ከሚለው በፊት «ዛሬ ምን ሞከርክ?» ወይም «ምን ሞከርሽ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ነው።

የማያስተምረው ነገር

የትንሽ ሜዳ ጨዋታ ሁሉንም አያስተምርም። ረጅም ቅብብል፣ ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ሕግ፣ የግብ ጠባቂ አቋቋምና የአሥራ አንድ ተጫዋቾች አሰላለፍ ሰፋ ያለ ሜዳ ይፈልጋሉ። ለዚህም ነው አገሮቹ ከአራት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ዘጠኝ እያሉ በደረጃ የሚያሳድጉት። ግብ ጠባቂነት ሲጀመርም ልጆቹ ሁሉ በየተራ ቢሞክሩት ይመከራል፤ በሰባት ዓመቱ «በረኛ» ተብሎ የተለየ ልጅ እግሩን የማሠልጠን ዕድል ያጣል።

ሌላው ጣጣ የሰው ኃይል ነው። ስምንት ሜዳ ስምንት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። አንዳንዶች ይህን ከፍ ያሉ ታዳጊዎችን ወይም ወላጆችን በማሳተፍ ይፈቱታል፤ በጨዋታው ላይ ዳኛ ስለማያስፈልግ የእነርሱ ሥራ ኳስ ማቀበልና ደኅንነት መጠበቅ ነው። የብረት ግብ የሚጠቀሙ ከሆነም መሬት ላይ በደንብ መታሰሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ያልታሰረ ተንቀሳቃሽ ግብ ወድቆ ልጆችን የገደለባቸው አጋጣሚዎች በተለያዩ አገሮች ተመዝግበዋል።

አንድ አሠልጣኝ ሥራው መስመር መያዙን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። በልምምዱ መካከል ከሁሉ ደካማ የሚመስለውን አንድ ልጅ መርጦ ለአምስት ደቂቃ ኳሷን ስንት ጊዜ እንደነካ ቢቆጥር ይበቃዋል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ሜዳው ገና ትልቅ ነው፣ ወይም ልጆቹ ብዙ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያ ልጅ ተመልሶ መምጣቱን ይመልከት። ዛሬ ደስ ብሎት የተመለሰ ልጅ ነገም የመማር ዕድል አለው፤ የተወው ልጅ ግን ምን ያህል ተሰጥኦ እንደነበረው የሚያውቅ አይኖርም።